የሴቶች የቦርድ አባልነትና የኩባንያዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት፦ ከኖርዌይ የኮታ ሕግ የተገኘ ማስረጃ

በዳይሬክተሮች ቦርድ ውስጥ የሴቶች ቁጥር ሲጨምር የኩባንያው ማኅበራዊ ኃላፊነት ይጎለብታል የሚለው መላምት በሥራ አመራር ጥናቶች ተደጋግሞ ይነሣል። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጥናቶች የሚያሳዩት ተዛምዶን እንጂ መንስኤን አይደለም። ቀድሞውኑ ለሠራተኛውና ለአካባቢው የሚያስብ ኩባንያ ሴቶችን ወደ ቦርዱ ለማምጣትም ፈቃደኛ ሊሆን ስለሚችል፣ የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ ከዓመታዊ ሪፖርት ብቻ መለየት ያዳግታል።

ለዚህ ችግር ከፊል መፍትሔ የሰጠው የኖርዌይ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የጸደቀው ሕግ አክሲዮናቸውን ለሕዝብ የሚሸጡ ኩባንያዎች ከቦርድ አባላቶቻቸው 40 በመቶ ያህሉ ሴቶች እንዲሆኑ ጠየቀ። በወቅቱ የሴቶች ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነበር። በፈቃደኝነት እንዲፈጸም የተሰጠው ጊዜ የታሰበውን ውጤት ስላላመጣ ከ2006 ጀምሮ ግዴታ ሆነ፤ እስከ 2008 መጀመሪያ ያላሟላ ኩባንያም እስከ መፍረስ የሚደርስ እርምጃ ይጠብቀው ነበር። ግዴታውን ለመሸሽ ሕጋዊ ቅርጻቸውን የለወጡ ኩባንያዎች እንደነበሩ ባይዘነጋም፣ ለውጡ ከውጭ የተጫነ መሆኑ ለተመራማሪዎች ያልታሰበ ሙከራ ሆነላቸው።

ኬኔት አኸርንና ኤሚ ዲትማር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሕጉ ይፋ ሲሆን የአክሲዮን ዋጋ መውረዱን ገልጸው፣ አዲሶቹ ቦርዶች በዕድሜና በልምድ ያነሱ መሆናቸውን አመልክተዋል። ይህ ግኝት በኋላ በሌሎች ተመራማሪዎች ብርቱ ክርክር ገጥሞታል።

ከማኅበራዊ ኃላፊነት አንጻር ግን ይበልጥ የሚያመራምረው የዴቪድ ማትሳና የአማሊያ ሚለር የ2013 ጥናት ነው። ሕጉ የነካቸውን ኩባንያዎች ካልነካቸው የኖርዲክ አገሮች ኩባንያዎች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ የመጀመሪያዎቹ ያካሄዱት የሠራተኛ ቅነሳ አነስተኛ ሆኖ አገኙት። በዚህም የሠራተኛ ወጪያቸው በአንጻሩ ከፍ፣ የአጭር ጊዜ ትርፋቸው ደግሞ ዝቅ ብሏል። ውጤቱ ጎልቶ የታየው ቀድሞ አንዲት ሴት እንኳ በቦርዳቸው ባልነበረች ኩባንያዎች ሲሆን፣ በዕድሜና በልምድ የበሰሉ አባላት ባሏቸው ቦርዶችም አልጠፋም። ስለዚህ ጉዳዩን በልምድ ማነስ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

እዚህ ላይ የሴቶችን ተሳትፎ «ለትርፍ ይበጃል» በሚል ብቻ የሚደግፈው ክርክር ይሰናከላል። ተመሳሳዩ አኃዝ በባለአክሲዮኑ መዝገብ ኪሳራ፣ ከሥራው ባልተፈናቀለው ሠራተኛ ዘንድ ግን ኃላፊነት ነው። የመለኪያ ጥያቄም ይከተላል። በዘርፉ በብዛት የሚሠራባቸው የማኅበራዊ ኃላፊነት መለኪያዎች ኩባንያዎች ራሳቸው በሚያወጡት መረጃ ላይ ይመሠረታሉ፤ ልገሳና የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ በሪፖርት ሲሰፍሩ፣ ቦርዱ ሳይፈጽም የተወው የሠራተኛ ቅነሳ ግን የሚመዘገብበት ዓምድ የለውም። ማትሳና ሚለር ያገኙትም ከእነዚህ ሪፖርቶች ሳይሆን ከኩባንያዎቹ የሒሳብና የቅጥር መረጃ ነው።