በማሸጊያው ላይ ያያችሁት 666

ይህ መልእክት በሬዲዮ የተሰበከ ነው፤ ብዙዎቻችሁ “በእጃችን ይዘን እናንብበው” ስላላችሁ በጽሑፍ ወጣ።

በንስሐ ልጀምር። ቡራዩ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ያላት አንዲት እህት አለችን። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ሱቅ ነው። አንድ ሰሞን እርሷ በምትሸጠው ብስኩት ማሸጊያ ላይ ያለው ኮከብ “የሰይጣን ምልክት ነው” የሚል መልእክት በቴሌግራም መጣ። ከሰበታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ሱሉልታ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። እኔም ሳላጣራ ከመድረክ ላይ ደገምኩት። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ አማኞች ብስኩቱን ብቻ አይደለም፣ ዘይትና ስኳርም ከእርሷ መግዛት አቆሙ። እህታችን መጥታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ “ፓስተር፣ ኮከቡ ምን እንደሆነ አጣርተው ነበር?” አላጣራሁም ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጥያቄ ነው።

ወርቁን ማን አኖረው?

እኛ የሰምና ወርቅ አገር ልጆች ነን። ቅኔ ስንሰማ ከላይ ያለውን ሰም አልፈን ከሥር ያለውን ወርቅ መፈለግ ለምደናል። ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን በቅኔ ውስጥ ወርቁን ያስቀመጠው ባለቅኔው ራሱ ነው። በሥዕልም እንደዚያው ነው። በጥንቱ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት ሆነው በሁለት ዓይን ይሳላሉ፤ ክፉዎች ደግሞ ፊታቸው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን ሰዓሊውም ተመልካቹም ያውቁታል። አዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወትም 150 ካሬ ሜትር ላይ የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን ያሳያል። ይህንንም ትርጉም ያኖረው ሰዓሊው ነው።

አሁን ግን ምን እናደርጋለን? አንድ ዘፋኝ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ፎቶ ቢነሳ “ኢሉሚናቲ ነው!” እንላለን። ማን ነገረን? ወርቁን የደበቅነው እኛ፣ ያገኘነውም እኛ! ይህ ምስጢር መፍታት ሳይሆን ለራስ ፈርቶ ሰውን ማስፈራራት ነው።

እስቲ ሦስቱን እንመርምር

አንደኛ፣ ባርኮድ። “በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ 666 አለበት” ሲባል ሰምታችኋል። ባርኮድ በሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽን የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ነው፤ ዕቃውም አንድ ፓኮ ማስቲካ ነበር። በኮዱ መነሻ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ ረዘም ያሉ ሁለት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። በቀኝ በኩል ያለው 6 ቁጥርም በሁለት ቀጫጭን መስመሮች ስለሚሳል ይመሳሰላሉ። ታዲያ እነዚያ ሦስቱ ጥንድ መስመሮች ቁጥር አይደሉም። ኮዱ የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚከፈልና የት እንደሚያልቅ ለማሽኑ ይነግሩታል፤ ሥራቸው ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ሞንስተር የሚባለው ኃይል ሰጪ መጠጥ። ጣሳው ላይ ያለው በጥፍር የተቧጨረ የሚመስል “ኤም” ፊደል፣ “በዕብራይስጥ ሦስት ዋው ነው፤ ዋው ደግሞ 6 ነው፤ ስለዚህ 666” ይባልለታል። በዕብራይስጥ ዋው 6 መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት ዋው ቢደረደር የሚደመረው 18 ነው። የግዕዝ ቁጥር የምታውቁ ይህ ቶሎ ይገባችኋል፤ በግዕዝ 666 የሚጻፈው ፮፻፷፮ ተብሎ እንጂ ፮፮፮ ተብሎ አይደለም። ዮሐንስ በጻፈበት በግሪክም ቁጥሩ የ600፣ የ60 እና የ6 ፊደላት ናቸው። መጠጡ ለጤና ይስማማል አይስማማም የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሐሰት ግን አንክሰሰው።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ሊያሳፍረን ይገባል። አሪየልንና ፓምፐርስን የሚሠራው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የቆየ ምልክት ነበረው፤ ጨረቃ ላይ የሰው ፊት፣ በአጠገቡም 13 ከዋክብት። ከዋክብቱ አሜሪካ ስትመሠረት የነበሩትን 13 ግዛቶች የሚያስታውሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ “ምልክቱ የሰይጣን ነው፤ የኩባንያው ኃላፊ ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ አምኗል” የሚል ወሬ ተነሳ። ኃላፊው እንደዚያ አላለም። ወሬውን ካሰራጩት አንዱ መንገድ ግን በአብያተ ክርስቲያናት የታደሉ በራሪ ወረቀቶች ነበሩ። አዎ፣ ልክ አሁን በእጃችሁ እንዳለችው ያለች ወረቀት! ኩባንያው በ1985 ምልክቱን ከማሸጊያዎቹ ላይ አነሳ። በ2007 ደግሞ በዩታ ግዛት የተሰየመ ፍርድ ቤት ወሬውን አሰራጭተዋል በተባሉ አራት ነጋዴዎች ላይ 19.25 ሚሊዮን ዶላር ፈረደ። የእግዚአብሔር ሕዝብ ለእውነት መቆም ሲገባው የወሬ ተሸካሚ ሆኖ ተገኘ።

ቃሉ ምን ይላል?

በሐሰት መመስከር የተከለከለው ከአሥሩ ትእዛዛት በአንዱ ነው (ዘጸ. 20፥16)። ስለ ዲያብሎስ ስንናገር መዋሸት ተፈቅዶልናል የሚል ክፍል አላነበብኩም። ኢሳይያስም ሕዝቡ ሴራ ያለውን ሁሉ ሴራ እንዳይል፣ ሕዝቡ የሚፈራውንም እንዳይፈራ ተነግሮታል (ኢሳ. 8፥12)።

የሐዋርያት ሥራ 28፥11ን አንብቡት። ጳውሎስ ወደ ሮም የሄደበት መርከብ የዲዮስቆሮስ፣ ማለትም የአረማውያን መንትያ አማልክት፣ ዓላማ ነበረበት። ሉቃስ ዓላማውን አይቶ ጻፈው። ጳውሎስ ግን አልወርድም፣ አልሳፈርም አላለም፤ ተሳፈረ፣ ወንጌልንም ይዞ ሄደ። ለቆሮንቶስ ሰዎችም በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሳይመራመሩ እንዲበሉ፣ አንድ ሰው “ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው” ቢላቸው ግን ስለዚያ ሰው ሕሊና እንዲተዉት መከራቸው (1ቆሮ. 10፥25–28)። ፍቅርም ነጻነትም ያለበት ምክር ነው።

“ታዲያ ሰይጣን የለም ማለትህ ነው?” ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! ክታብ አለ፣ ጠንቋይ ቤት አለ። እነዚህን ለማወቅ ግን ማሸጊያ ገልብጦ መስመር መቁጠር አያስፈልግም። ወገኔ ሆይ፣ ኪሎ በሚያጎድል ሚዛን ላይ 666 አልተጻፈበትም። ጉቦ በሚቀበል እጅ ላይ የኮከብ ሥዕል የለም። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ግንባር ላይ ምንም ምልክት አታዩም። ጠላት ዓይናችንን ብስኩት ላይ አስተክሎ በበሩ እየገባ ይሆን?

በራእይ 13 ላይ ያለው ምልክት የአምልኮና የመገዛት ጉዳይ ነው፤ አውሬውን ከማምለክ ጋር ተያይዞ ነው የመጣው። ማንም ሰው ሳያውቅ ሳሙና በመግዛቱ የአውሬው አይሆንም። ምዕራፉን ገልጣችሁ 14፥1ን ብታነቡ ደግሞ የበጉና የአባቱ ስም በግንባራቸው የተጻፈ ሰዎችን ታገኛላችሁ። በክርስቶስ ያመንን በመንፈስ ቅዱስ ታትመናል (ኤፌ. 1፥13)። ያን ማኅተም የባርኮድ መስመር አይፍቀውም!

ከመላካችሁ በፊት

እንዲህ ያለ መልእክት ስልካችሁ ላይ ሲገባ ሦስት ነገር ጠይቁ። ምልክቱን የሠራው ሰው ራሱ ምን አለ? የላከልኝ ሰውስ ከየት ሰማው? ተሳስቼ ቢሆን የሚጎዳው ማን ነው? መልስ ካላገኛችሁ ጣታችሁን ሰብስቡ።

እኔም በሚቀጥለው እሑድ በዚያው መድረክ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ከጉባኤው በኋላም ወደ እህታችን ሱቅ ሄድን። አንዱን ማሸጊያ ቀደደችና ብስኩቱን በእጄ አኖረችው። ብስኩቱ ራሱ የኮከብ ቅርጽ ነበረው። ያን ሁሉ ስናወራ አንዳችንም ከፍተን አላየንም።

ጌታ ሆይ፣ በሐሰት ያወራንበትን አፋችንን ይቅር በለን። ከፍርሃት አውጣን፤ እውነትህን ወዳድ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።