«ገባችሁ?» ሲባል ምን እየተባለ ነው?

ደባርቅ ላይ የጠዋቱ ብርድ ይበረታል፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቆረቆረችው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ «በሩ ተከፍቷል» ቢል በር አጠገብ ያለው ልጅ ብድግ ብሎ ይዘጋዋል። «አዎ፣ ተከፍቷል» ብሎ ዝም የሚል የለም። ቃሉ ወሬ ይመስላል፤ የሠራው ግን የትእዛዝ ሥራ ነው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን እ.ኤ.አ. በ1955 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ያስተማረው ስለዚህ ነበር፦ ሰው ሲናገር እያዘዘ፣ ቃል እየገባ፣ እየመረቀ፣ እየፈረደ ነው። ይህም የንግግር ድርጊት ይባላል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ የተለየ መልክ አለው። ጆን ሲንክለርና ማልኮልም ኩልታርድ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት መምህር ይጠይቃል፣ ተማሪ ይመልሳል፣ መምህር ይዳኛል የሚል ዑደት አሳይተዋል። እኛም እናውቀዋለን።

«ሰባት ሲባዛ በስምንት?»
«እኔ! ቲቸር፣ እኔ!»
«እሺ፣ አንቺ።»
«ሃምሳ ስድስት።»
«ጎበዝ! አጨብጭቡላት።»

ዳባት ገበያ የገብስ ዋጋ የጠየቀ ሰው መልሱን ሲሰማ «ጎበዝ» አይልም፤ የጠየቀው ስለማያውቅ ነው። መምህሩ ግን መልሱን ያውቀዋል። ጥያቄው ፈተና፣ «ጎበዝ» ደግሞ ፍርድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ «ገባችሁ?» ነው። «አዎ፣ ገባን!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። መልኩ ጥያቄ ሆኖ ሥራው «ወደሚቀጥለው ልንሄድ ነው» ማለት ነው። ያልገባው ልጅ «አልገባኝም» ቢል የራሱን ድክመት ሊናገር፣ የመምህሩን ማስረዳት ጎደሎ ሊያደርግና ጓደኞቹን ሊያስቆም ነው። ደባርቅም ይደግ ከራስ ደጀን ግርጌ ባለችው አምቢኮ፣ ለታላቅ አትመልስ እየተባለ ላደገ ልጅ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ይከብዳል። ስለዚህ አብሮ «ገባን» ይላል፤ መምህሩም ያምናል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳየችው መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ፣ ተማሪዎች ራሳቸው መጠየቅ አበዙ። «ገባችሁ?» በሚለው ፋንታ «ለጓደኛሽ እንዴት ታስረጃታለሽ?» ብሎ መታገስ ይቻላል። «አልገባኝም» ያለውንም «ጥሩ፣ የቱ ጋ ጠፋህ?» ማለት፤ ያኔ ያ ቃል ጥፋትን ማመን መሆኑ ይቀርና ጥያቄ ይሆናል።

ተማሪ በበዛበት ክፍል ጊዜ የለም የሚል መምህር እውነት አለው። ግን በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 20 ጥያቄ ቢጠይቅና በእያንዳንዱ 2 ሰከንድ ቢጨምር፣ ድምሩ 40 ሰከንድ ነው።