በቆላ አገር ለሚሠራ ሞተር ብስክሌት የዘይት አመራረጥ

በድሬ ዳዋ ገበያ ወይም በአዋሽ መንገድ ዳር ባለ የመለዋወጫ ሱቅ ግማሽ ቀን ተቀምጦ ላዳመጠ ሰው ዘወትር የሚደጋገም አንድ ንግግር አለ። ሞተር ብስክሌቱን ከደጅ አቁሞ የገባ ወጣት «ጋሼ፥ ሙቀቱን የሚችል ወፈር ያለ ዘይት ይስጡኝ» ይላል። ባለሱቁም ከመደርደሪያው አንዱን ጠርሙስ አንሥቶ «ይኸውልህ ልጄ፥ ይህ ለመኪናም ለሞተርም ይሆናል» ብሎ ይሸጥለታል። ከሁለቱ አንዱም ክፉ አላሰበም፤ ነገር ግን ጠያቂው በግምት ጠየቀ፥ ሻጩም በግምት መለሰ። ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው እንደ ድምፁ አልሄድ ሲል፥ ወጣቱ ወደ መካኒክ ሄዶ የፍሪሲዮን ሸራ ያስለውጣል። ዘይቱ ያው ስለሆነ አዲሱም ሸራ መንሸራተት ይጀምራል። የዕለት እንጀራው በዚያች ሞተር ላይ የተመሠረተ ሰው የሥራ ቀኑንና ገንዘቡን ያጣል፤ ባለሱቁ ደግሞ ደንበኛውን ያጣል።

ይህን የመሰለው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዘይቱ መናኛ ከመሆኑ የተነሣ አይደለም። ውድ የሆነና በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ ዘይት ቢሆንም ለቦታው ያልተመደበ ከሆነ ጉዳት ያደርሳል። ዘይቱን በሁለት ጣት መካከል አሽቶ፥ በቀለሙ ወይም በዋጋው መዝኖ ማወቅ አይቻልም። ማወቂያው በጠርሙሱ ላይ የተጻፉት ሦስት ምልክቶች ናቸው፤ እነዚህንም ማንበብ የአስመጪው፥ የጅምላ ነጋዴውና የባለሱቁ የጋራ ግዴታ ነው።

ነፋስ የሚያቀዘቅዘው ሞተር

አብዛኞቹ ትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች እንደ መኪና የማቀዝቀዣ ውሃና ራዲያተር የላቸውም። በሲሊንደሩና በቴስታታው ዙሪያ እንደ መደርደሪያ የተደረደሩት ስስ የብረት ክንፎች ሙቀቱን ለሚያልፈው ነፋስ ያስረክባሉ። ሞተሩ በሜዳ መንገድ ሲሮጥ ነፋሱ ይበቃዋል። ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል ጭኖ ዳገት ሲወጣ፥ ወይም በገበያ መካከል በአንደኛ ማርሽ ሲንፏቀቅ ግን እሳቱ ይበዛል፥ ነፋሱም ያንሳል። በዚህ ላይ የድሬ ዳዋ የሰኔ ቀን 35 ዲግሪ፥ የሰመራ ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሆን፥ የሚነፍሰው ነፋስ ራሱ ትኩስ ነው።

ደገኛውም ቢሆን ከዚህ ችግር ፈጽሞ ነፃ አይደለም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ በሆነ ስፍራ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቅዝቃዜው ቢረዳም፥ የሳሳ አየር ከክንፎቹ ላይ የሚወስደው ሙቀት አነስተኛ ነው።

ነፋሱ ያልወሰደውን ሙቀት ከፒስቶኑ ሥርና ከቴስታታው ተሸክሞ ወደ ታች የሚያወርደው ዘይቱ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ሞተር ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ ሳይሆን የማቀዝቀዣ ውሃውንም ሥራ በከፊል ይሠራል። ከዚህም በላይ በአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ያው አንድ ዘይት ሞተሩን፥ ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን ያገለግላል። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሸከመው የዘይት ልክ በትናንሾቹ ሞተሮች አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው።

አንደኛው ምልክት፤ ውፍረት

የዘይትን ውፍረት በቁጥር የመመደቡን ሥርዓት የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. አወጣ፤ እስከ ዛሬም እየታደሰ ይሠራበታል። በጠርሙሱ ላይ 20ደብሊው-50፥ 15ደብሊው-40 ወይም 10ደብሊው-30 ተብሎ የሚነበበው ይኸው ነው። ደብሊው የተባለችው ፊደል ክረምት ማለት ስትሆን፥ ከእርሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ሞተሩን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያስነሣ ያመለክታል። የኋለኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ይገልጻል።

እዚህ ላይ ለአስመጪ የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር አለ። 20ደብሊው የተባለ ዘይት በብርድ የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ሲሆን፥ 5ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች በ30 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለ ውርጭ በድሬ ዳዋም ሆነ በጋምቤላ የለም። ስለዚህ ለቆላ ገበያ 5ደብሊው ዘይት ለብርድ ጠባዩ ሲባል በውድ ዋጋ ማስመጣት፥ ለማይመጣ ብርድ ካፖርት እንደ መግዛት ያለ ነው። በቆላ የሚፈለገው የኋለኛው ቁጥር ነው። በ100 ዲግሪ ሲለካ የ30 ቁጥር ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ፥ የ40 ቁጥር እስከ 16.3፥ የ50 ቁጥር ደግሞ እስከ 21.9 ይደርሳል። ነፋስ በሚያቀዘቅዘው ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚግልበት ጊዜ ስላለ፥ ለቆላው 20ደብሊው-50 በሰፊው የተለመደው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይሁን እንጂ «ከወፈረ ይሻላል» የሚለው አባባል ሕግ አይደለም። ከመጠን በላይ የወፈረ ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ወደ ቴስታታው ቶሎ አይደርስም፤ የብረት መፋተግም የሚበረታው በዚያች ጊዜ ነው። ደግሞም ከአዳዲሶቹ ትናንሽ ሞተሮች አንዳንዶቹ የዘይት መተላለፊያቸው የጠበበ ስለሆነ፥ ፋብሪካቸው 10ደብሊው-30 ያዝላቸዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚታየው ከሞተሩ ጋር የመጣው መመሪያ ነው። መመሪያው እንደ አየሩ ሙቀት ሁለት ሦስት ዓይነት ሲፈቅድ፥ ቆለኛው ከተፈቀዱት መካከል ወፍራሙን፥ ደገኛው መካከለኛውን ይምረጥ።

ሁለተኛው ምልክት፤ የፍሪሲዮን ደኅንነት

ያን ወጣት ለኪሳራ የዳረገው ይህ ምልክት አለመታየቱ ነው። የመኪና ፍሪሲዮን ከሞተሩ ዘይት ተለይቶ በደረቁ ይሠራል፤ የአብዛኞቹ ሞተር ብስክሌቶች ፍሪሲዮን ግን በዚያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። የዘመኑ የመኪና ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ሲባል መፋተግን የሚቀንስ መድኃኒት ይጨመርባቸዋል። ይህ ለመኪና በረከት ነው፤ ለሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን ግን ሸራው እንዳይነክስ ያደርገዋል።

ስለዚህም ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ጃሶ ቲ903 የተባለውን የሞተር ብስክሌት ዘይት ደረጃ አወጡ። ጃሶ ኤም.ኤ. የሚል ምልክት ያለበት ዘይት በዘይት ለተነከረ ፍሪሲዮን የሚስማማ ነው፤ ኤም.ቢ. የሚለው ደግሞ ፍሪሲዮናቸው ከዘይት ውጭ ለሆነ ስኩተሮች የተመደበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ኤም.ኤ. የተባለው ኤም.ኤ.1 እና ኤም.ኤ.2 ተብሎ ተከፈለ፤ ኤም.ኤ.2 ፍሪሲዮኑ አጥብቆ እንዲይዝ የበለጠ ይረዳል። ኤም.ኤ. የሚል ያልተጻፈበትን፥ ይልቁንም ነዳጅ ቆጣቢ ተብሎ የታወጀበትን የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑ በዘይት ለሚሠራ ሞተር ብስክሌት መሸጥ አይገባም።

ሦስተኛው ምልክት፤ የአገልግሎት ደረጃ

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ለቤንዚን ሞተር ዘይቶች በኤስ ፊደል የሚጀምር ደረጃ ይሰጣል፤ ኤስ.ጄ.፥ ኤስ.ኤል.፥ ኤስ.ኤን. እያለ ሁለተኛው ፊደል በገፋ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስ.ኤን. እ.ኤ.አ. በ2010፥ ኤስ.ፒ. በ2020 ዓ.ም. የወጡ ናቸው። ይህ ደረጃ ዘይቱ በሙቀት እንዳይበላሽና አተላ እንዳይሠራ ያለውን ኃይል ያመለክታል፤ ስለ ፍሪሲዮን ግን ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ሦስተኛው ምልክት ሁለተኛውን ሊተካ አይችልም፤ ሁለቱም በአንድነት ሊታዩ ይገባል።

ቤንዚኑን ከዘይት ጋር አብረው የሚያቃጥሉት ባለሁለት ምት ሞተሮች፥ ለእርሻ ሥራ ተብላ እንደ ተሠራችው እንደ ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ያሉት፥ ሕጋቸው የተለየ ነው። ለእነርሱ የተመደበው ጃሶ ኤፍ.ሲ. ወይም ኤፍ.ዲ. የሚል ምልክት ያለበት ዘይት ነው። ባለሱቁ የሁለቱን ዓይነት በተለያየ መደርደሪያ ቢያስቀምጥ ከብዙ ስሕተት ይድናል።

የነጋዴው ድርሻ

አስመጪው ፕሮፎርማ ሲቀበል «የሞተር ብስክሌት ዘይት» የሚለው ቃል ብቻ አይብቃው፤ የውፍረቱ ቁጥር፥ የጃሶ ምድቡና የአገልግሎት ደረጃው ሦስቱም በግልጽ እንዲጻፉ ይጠይቅ። የውጭ ምንዛሪ በብዙ ድካም የሚገኝ ስለሆነ፥ ዕቃው ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ ስሕተቱን ማወቅ አይጠቅምም። ለትንሽ ሞተር የአንድ ሊትር ጠርሙስ ማስመጣትም ይመረጣል፤ ገዢው ሙሉውን አንድ ጊዜ ስለሚጠቀምበት ተከፍቶ የሚቀመጥና አቧራ የሚገባበት አይኖርም።

በበርሜል የሚነግድ ሰው በርሜሉን ከቤት ውጭ በቁሙ አያስቀምጥ። ዝናብ በክዳኑ ላይ ያቁራል፤ በርሜሉ ቀን ሲግል ሌሊት ሲበርድ አየር እያስወጣና እያስገባ ውሃውን በክዳኑ ጥርስ በኩል ይስባል። ከጥላ ሥር አጋድሞ፥ ሁለቱን ክዳኖች በአግድም መስመር ትክክል አድርጎ ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል።

ሌላው ብርቱ ነገር የሐሰት ዕቃ ነው። ያገለገለ ዘይት ተጣርቶ በታወቀ ስም ጠርሙስ ሲሞላ፥ ከቀለሙ መለየት አስቸጋሪ ነው። ባለሱቁ የክዳኑ ቀለበት ያልተነካ መሆኑንና የምርት ቁጥሩ መታተሙን ይመልከት፤ ከታወቀ አከፋፋይ በደረሰኝ ይግዛ። ባዶውን ጠርሙስም ሳይበሳ ወይም ሳይቆርጥ ለማንም አይስጥ፤ ዛሬ በጥቂት ሳንቲም የሸጠው ባዶ ዕቃ ነገ ከደጁ ተወዳዳሪ ሆኖ ይመጣልና።

ከሽያጭ በኋላ የሚነገር ምክር

ጥሩ ዘይት ለዘለዓለም አያገለግልም። በግምት ሲነገር፥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይቱ የሚበላሽበት ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፤ የካምቢዮው ጥርሶችም ዘይቱን እየፈጩ የ50 ቁጥሩን ወደ 40 ያወርዱታል። ስለዚህ መመሪያው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጥ ቢል፥ ሙቀትና አቧራ በበረታበት አገር በግማሹ መለወጥ ብልህነት ነው። ዘይቱ ቶሎ መጥቆሩ ብቻውን የመበላሸት ምልክት አይደለም፤ ጥላሸቱን ከብረቱ ላይ አጥቦ መያዙንም ያሳያል።

መጠኑንም በየሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ከሚይዝ ሞተር ሦስት መቶ ሚሊ ሊትር ሲጎድል ወደ ሲሶ የሚጠጋው ጎደለ ማለት ነው፤ የቀረው ያንኑ ሙቀት መሸከም ይኖርበታል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው ምሳሌ ለዘይትም ይሠራል።

እንግዲህ ያ ወጣት ተመልሶ «ወፈር ያለውን ይስጡኝ» ሲል ባለሱቁ እጁን ወደ መደርደሪያው ከመስደዱ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቀው፤ «ሞተርህ ምን ዓይነት ናት? የምትሠራውስ ወዴት ነው?» መልሱን ከሦስቱ ምልክቶች ጋር አስተያይቶ ይስጠው፤ የሚስማማው ዘይት በሱቁ ከሌለም «የለኝም» ይበለው። የአንድ ሊትር ትርፍ ዛሬ ቢያመልጠው፥ ሞተሩ ሥራ ላይ የዋለለት ሰው ግን ከዚያ ደጅ አይጠፋም።