ተጨማሪ መረጃ፦ ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለምን ዘግይቶ ያፈራል?

የአቮካዶ ዘር ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በጥቂት ሳምንታት ይበቅላል። ፍሬ ለመስጠት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ዛፉ መጀመሪያ የልጅነት ዕድሜውን መጨረስ አለበት። በዚህ ጊዜ ሥሩን፣ ግንዱንና ቅጠሉን ያሳድጋል እንጂ ብዙ ማዳበሪያ ቢጨመርለትም አያብብም። ሲያፈራም ፍሬው ከእናቱ ሊለይ ይችላል፤ በርክበ ብናኝ የተፈጠረ ዘር አዲስ የባሕርይ ቅንብር ይይዛልና።

ጥበቃውን የሚያሳጥረው ማዳቀል ነው። ከዘር የበቀለ ችግኝ ጫፉ ተቆርጦ፣ ፍሬ ከሚሰጥ ዛፍ የተወሰደ ቀንበጥ ይገጠምበትና በፕላስቲክ ይታሰራል። ቀንበጡ የእናቱን ብስለት ይዞ ስለሚመጣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ያፈራል፤ ፍሬውም የእናቱ ዓይነት ነው።

ይሁን እንጂ ከዘር ማብቀል ከንቱ ድካም አይደለም። በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረው ፖስተኛ ሩዶልፍ ሃስ ከዘር ባበቀለው ችግኝ ላይ የሌላ ዝርያ ቀንበጥ ለማዳቀል ሞክሮ አልያዘለትም። ችግኙ እንዲያድግ ሲተወው ግን ግሩም ፍሬ ሰጠ፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት። ዛሬ በኢትዮጵያም የሚለማው የሃስ አቮካዶ በሙሉ የዚያ አንድ ዛፍ ዝርያ ነው። አዳዲስ ዝርያዎችም የሚገኙት በትዕግሥት ከተጠበቁ ዘሮች ነው።

ተግባር፦ በአካባቢያችሁ ያሉ የፍራፍሬ ዛፎች ከዘር የበቀሉ ወይስ የተዳቀሉ መሆናቸውን አልሚዎቹን ጠይቁ። በስንት ዓመታቸው ማፍራት እንደጀመሩም በሠንጠረዥ አነጻጽሩ።