ጭቃ ላይ የተጻፈ ቤት

የሜሶጶጣሚያን የጭቃ ሰሌዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። ግድግዳ የሚያህል ድንጋይ ጠብቄ ነበር። ያገኘሁት ግን መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ እንዳለቀ ሳሙና ጠርዙ የለዘበ ቁራጭ ጭቃ ነው፤ ፊቱን ወፍ የተመላለሰችበት የሚመስል ምልክት ሞልቶታል። ጎብኚው ሁሉ ክንፍ ያላቸውን የድንጋይ በሬዎች ለማየት እየተጣደፈ አለፈው። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ብዙ ሰው የሚያውቀውን በአጭሩ ልለፈው። ይህ ጽሕፈት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ፣ በዛሬዋ ደቡብ ኢራቅ፣ ኡሩክ በተባለች ከተማ የእህልና የከብት ሒሳብ ለመያዝ ተጀመረ። የመጨረሻዎቹ ሰሌዳዎች ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፉ የከዋክብት መዝገቦች ናቸው። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አገልግሏል ማለት ነው። ፈረንጆች ኩኒፎርም ይሉታል፤ ሽብልቅ መሰል ማለት ነው። እኛም ሽብልቅ ጽሕፈት ብንለው እንጨት ፈልጦ የሚያውቅ ሁሉ ቅርጹ ወዲያው ይታየዋል።

አጻጻፉን በንባብ ብቻ መረዳት ስላልሆነልኝ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ዘንድ ሄድኩ። የጀበና ጭቃ አድቦልቡለው ሰጡኝ፤ እኔም የሸምበቆ ጫፍ በማዕዘን ቆርጬ ያዝኩ። ብዕር እንደያዘ ሰው መጫር ስጀምር ጭቃው ተቦጫጨረ። ምስጢሩ መጫን ላይ ነው። ማዕዘኑን ጫን አድርጎ ማንሳት ብቻ፤ አንዱ ጫፍ ሰፊና ጥልቅ፣ ሌላው ቀጭን ሆኖ ሽብልቁ ራሱ ይወጣል። ቀለም የለም፤ የሚነበበው ጥላው ነው። እያሰብኩ ስዘገይ «ልጄ፣ ጭቃ አይጠብቅህም፤ የምትለውን ቀድመህ ጨርስ» አሉኝ። የጥንቱም ጸሐፊ ይህንኑ ምክር ሳይሰማ አልቀረም።

ስለዚህ በሙዚየም ፎቶ የምታነሡ ሰዎች፣ እባካችሁ ፍላሹን አጥፉ። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ጥላው ይጠፋል፤ ጽሑፉም አብሮ ይጠፋል። ወደ ጎን ዘወር ብላችሁ ዝቅ ብላችሁ እዩት።

ደግሞም ሰሌዳዎቹን «የተተኮሰ ሸክላ» እያሉ መጻፍ ይብቃ። አብዛኞቹ እንዲሁ የደረቁ ናቸው። ኒጱር ከተማ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ይሰጥበት የነበረ አንድ ተራ ቤት ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ከሰሌዳዎቹ ጋር ያገለገለውን ጭቃ መልሰው የሚያለሰልሱበት ማጠራቀሚያም ተገኝቶበታል። የተማሪ ሥራ ታርሞ ሲያበቃ ተመልሶ ጭቃ ይሆን ነበር። በሌላ በኩል የአሦሩ ንጉሥ አሹርባኒጳል የሰበሰበው ቤተ መጻሕፍት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ነነዌ ስትቃጠል አልጠፋም፤ ብራና ቢሆን አመድ በሆነ ነበር፣ ጭቃውን ግን እሳቱ አጠነከረው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በሬዲዮም በመማሪያ መጽሐፍም «የኩኒፎርም ቋንቋ» ሲባል እሰማለሁ። እንዲህ የሚባል ቋንቋ የለም። ሽብልቅ ጽሕፈት ነው። ሱመርኛ ተጽፎበታል፤ ሱመርኛ እስከ ዛሬ ዘመድ ያልተገኘለት ቋንቋ ነው። የባቢሎንና የአሦር ሰዎች የሚናገሩት አካድኛ ተጽፎበታል፤ አካድኛ ሴማዊ ነው። በዛሬዋ ቱርክ የነበሩ ኬጢያውያን ቋንቋቸውን ጽፈውበታል፤ የእነሱ ቋንቋ ደግሞ የአውሮፓ ቋንቋዎች ዘመድ ነው። በኢራን በኩል ኤላማውያን ተጠቅመውበታል።

ሌላው ቢሳሳት ይቅር እላለሁ፤ እኛ ግን ልንሳሳት አይገባም። በአንድ ፊደል ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ የምንጽፍ ሰዎች ነን። ፊደሉን አይቶ «ይህ አማርኛ ነው» የሚል የውጭ አገር ሰው፣ የያዘው ወረቀት ትግርኛ ሆኖ ሲገኝ እናርመዋለን። ያንኑ እርማት ባቢሎንን እንንፈጋት?

ምልክቱ እንዴት ከቋንቋ ቋንቋ እንደሚሻገር ለመረዳትም ከቁጥራችን የተሻለ አስተማሪ የለም። ፪ን ግዕዝ የሚያነብ «ክልኤቱ»፣ አማርኛ የሚያነብ «ሁለት»፣ ትግርኛ የሚያነብ «ክልተ» ይለዋል። ምልክቱ አንድ፣ ንባቡ ሦስት። በሽብልቅም ቤትን የሚያመለክተውን ምልክት ሱመራዊው «ኤ»፣ አካዳዊው «ቢቱም» እያለ ያነበዋል።

ከዚህ ሌላ ድምፅ ብቻ የሚወክሉ ምልክቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ብዙ ጊዜ የሚወክሉት ተነባቢና አናባቢ የተጣመሩበትን ክፍለ ቃል ነው፦ ቡ፣ ባ፣ ቢ። በኤ፣ ቢ፣ ሲ ያደገ ሰው ይህን ለመልመድ ይቸገራል፤ ፊደል ገበታ ላይ ያደገ ልጅ ግን ቤቱ ነው። የኒጱር ጀማሪ ተማሪዎች መልመጃ እንዲህ ይላል፦ ቱ ታ ቲ፣ ኑ ና ኒ፣ ቡ ባ ቢ። ይህን ያነበብኩ ቀን የኔታ ፊት ተቀምጬ በስንደዶ እየጠቆምኩ ሀ ሁ ሂ ያልኩበት ጠዋት ታወሰኝ። አራት ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ፣ ጭቃ የያዘ ልጅ ያንኑ ሲለማመድ ነበር።

አካድኛው ደግሞ የሩቅ አጎት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን «ኡም» የባለቤት ምልክት ናትና ትታችሁ አንብቡ፦ ሊቡም ልብ፣ ሹሙም ስም፣ ሊሻኑም ልሳን፣ ሙቱም ሞት፣ ኢኑም ዓይን። ጌታ ወይም ባለቤት ማለት የሆነው ቤሉም ከግዕዙ ባዕል፣ ከእኛ «ባል» እና «ባለ» ጋር አንድ ሥር አለው። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ ዎልፍ ሌስላው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1944 ለአካድኛና ለእኛ ቋንቋዎች የጋራ የሆኑ ቃላትን ሰብስቦ ጽፏል።

ከቃላቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የአረፍተ ነገሩ አሰካክ ነው። አዊሉም ቢታም ኢፑሽ፦ «ሰውየው ቤት ሠራ»፤ ቃል በቃል፣ ቦታ ሳይለዋወጥ። ዐረብኛና ግዕዝ ግሱን ማስቀደም ይወዳሉ፤ ሐነጸ ብእሲ ቤተ። አካድኛ ግን እንደ አማርኛ ግሱን ወደ መጨረሻ ወስዶታል። የጉሮሮ ድምፆቹንም እንደ አማርኛ አብዛኞቹን ጥሏል፤ ኢኑም ውስጥ ዐይኑ እንደጠፋ ሁሉ እኛም ዐን ከአ ሳንለይ እናነባለን። ሊቃውንት ምክንያቱን በጉርብትና ያስረዳሉ፤ አካድኛ ከሱመርኛ ጋር፣ አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ለዘመናት አብሮ ኖሮ ጠባዩን ወረሰ። ሁለት ሴማዊ ቋንቋዎች፣ በማይተዋወቁ አገሮች፣ ከጎረቤቶቻቸው አንድ ዓይነት ትምህርት ተማሩ።

ከዚህ ተነሥቶ ግን «ፊደላችን ከባቢሎን መጣ» የሚል ካለ ያቁም። ፊደላችን የመጣው ከደቡብ ዐረቢያው ጽሕፈት ነው፤ የአናባቢ ምልክቶቹም በአክሱም፣ በ4ኛው መቶ ዓመት ተጨመሩለት። መመሳሰልን ሁሉ መወለድ ማድረግ ሁለቱንም ያሳንሳቸዋል።

ያን ቀን ሸክላ ሠሪዋ እናት የጫንኩትን ምልክት ትክ ብለው አዩና «ምን ይላል?» አሉኝ።

«ቤት ይላል፣ እማማ።»

«በማን ቋንቋ?»

ስንት የተማረ ሰው ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። እንደ አንባቢው ነው አልኳቸው። ከጀበናዎቹ ጋር እንተኩሰው ቢሉኝም እንዲሁ ይድረቅ ብዬ ወሰድኩት። ውሃ ከነካው እንደ ኒጱሩ ተማሪ ሥራ ተመልሶ ጭቃ ነው። አሁን መስኮቴ ሥር ተቀምጧል፤ ቀትር ላይ ደረቅ ጭቃ ብቻ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ግን ይነበባል።