ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ፦ ፍጥነቱ ያለው ፖርቱ ላይ ነው

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ «ሲስተም የለም» መባል ብርቅ አይደለም። ስዊቹ ተነስቷል፣ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ኬብሉም እንደተሰካ ነው። የኮምፒውተሩ አድራሻ ግን 169.254 ብሎ ይጀምራል፤ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩን ጠርቶ መልስ ስላጣ ለራሱ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነው። ባለሙያው መጥቶ አድራሻውን እንደገና ያስጠይቀዋል፤ ወዲያው ይሠራል። ሁሉም ኬብሉን ወይም ሰርቨሩን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሲጣራ የስዊቹ ፖርት ገና አልተከፈተም ነበር።

ፖርቱን ይዞ ያቆየው ስፓኒንግ ትሪ ነው። ኤተርኔት ላይ የሚሄድ ፍሬም እንደ አይፒ ፓኬት የዕድሜ ገደብ የለውም። ሁለት ስዊቾች በሁለት ኬብል ተገናኝተው ከልካይ ከሌለ፣ አንዲት የብሮድካስት ፍሬም በአንዱ ኬብል ሄዳ በሌላው እየተመለሰች፣ በየዙሩም በሁሉም ፖርት እየተባዛች ትዞራለች። የራኩ መብራቶች በሙሉ ባንዴ ያብለጨልጫሉ፣ ፕሮሰሰሩ ይጨናነቃል፣ ስዊቹ ውስጥ ገብቶ ችግሩን ማየት እንኳ ያቅታል። ሁለተኛው ኬብል የተዘረጋው አንደኛው ቢበጠስ ተብሎ ስለሆነ ይነቀል አይባልም። ስለዚህ ስዊቾቹ እርስ በርስ ቢፒዲዩ የሚባሉ አጫጭር መልእክቶች እየተለዋወጡ አንዱን መንገድ ይዘጋሉ፤ የተከፈተው ሲበጠስ የተዘጋውን ይከፍታሉ። ስልቱን እ.ኤ.አ. በ1985 የቀመረችው በዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ትሠራ የነበረችው ራዲያ ፐርልማን ናት። አጭር ግጥምም ጽፋለታለች፤ የኔትወርክ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ከስልቱ ጋር አብረው ያነሱታል። 802.1ዲ የሚለውን ስያሜ ይዞ ስታንዳርድ የሆነው በ1990 ነው።

የፐርልማን ስልት ጥንቁቅ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ሰዓት መቁጠር ነው። ፖርቱ ሲነሳ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ የማክ አድራሻ ይማራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያስተላልፈው። መስመሩ የተበጠሰው ከሩቅ ከሆነ የቀድሞው መረጃ እስኪያረጅ 20 ሰከንድ ይጨመርበታል። እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት ከዳር እስከ ዳር ከ7 ስዊች ለማይበልጥ ኔትወርክ ነው። ቦስተን የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ ሆስፒታል በኖቬምበር 2002 ኔትወርኩ ከዚህ ልክ አልፎ ሲወድቅበት፣ ሐኪሞቹ ለቀናት በወረቀት መሥራት ነበረባቸው። የሆስፒታሉ የኢንፎርሜሽን ኃላፊ ጆን ሃላምካ ነገሩን ከመሸፋፈን ይልቅ በይፋ ተናገረው፤ በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ ግልጽነት ብዙ አይገኝም።

በ2001 የወጣው 802.1ደብልዩ፣ ማለትም ራፒድ ስፓኒንግ ትሪ፣ ሰዓት መቁጠሩን ትቶ ጠያቂ ሆነ። የላይኛው ስዊች «ወደ ሩት የተሻለ መንገድ አለኝ፤ ልክፈት?» የሚል መልእክት ወደ ታችኛው ይልካል፤ ሩት የሚባለው የዛፉ ሥር የሆነው ስዊች ነው። ታችኛው ከመስማማቱ በፊት ሉፕ ሊያመጣ የሚችል ፖርቱን ሁሉ ይዘጋና «እሺ» ብሎ ይመልሳል። የላይኛው ፖርት ያኔውኑ ይከፈታል፤ ታችኛውም በተራው ከሥሩ ያሉትን ይጠይቃል። ጥያቄና መልሱ እንዲህ እየወረደ ዳር ይደርሳል፤ ሁሉም ነገር ደኅና ከሆነ ሰከንድ አይሞላም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ሉፕ ሊያመጣ የሚችል ፖርት» የቱ ነው? ኤጅ፣ ማለትም ከወዲያው ሌላ ስዊች የሌለበት የዳር ፖርት፣ ነው ተብሎ ካልተነገረው፣ ለስዊቹ ሁሉም ነው፤ የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተርም፣ ኮሪደር ላይ ያለው ፕሪንተርም። «እሺ» ከማለቱ በፊት እነሱንም ይዘጋቸዋል። ኮምፒውተር ደግሞ ቢፒዲዩ አያውቅም፤ «ልክፈት?» ቢባል አይመልስም። መልስ ያጣው ፖርት ወደ ድሮው ቆጠራ ይመለሳል፦ 15 ሲደመር 15። እናም ከላይ ወደ ሩት የሚወስደው መንገድ በተለወጠ ቁጥር ስዊቾቹ በቅጽበት ሲስማሙ፣ ተጠቃሚው ግማሽ ደቂቃ ከመስመር ይወጣል። ይባስ ብሎ፣ ኤጅ ያልተባለ ፖርት በተከፈተ ቁጥር ኔትወርኩ ቅርጹን እንደለወጠ ይታወጅና ስዊቾቹ የተማሩትን የማክ አድራሻ ይጥላሉ። ጠዋት ሠራተኛው ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲያበራ አዋጁ በየደቂቃው ነው። ራሳቸው ገምተው ፖርቱን ኤጅ የሚያደርጉ ስዊቾች አሉ፤ እኔ ግን በግምት ከማደር መጻፉን እመርጣለሁ።

ሲስኮ ላይ «ስፓኒንግ-ትሪ ሞድ ራፒድ-ፒቪኤስቲ» ብሎ መውጣት እንግዲህ የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ያለው በየፖርቱ ነው፤ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር ወይም ካሜራ በሚሰካበት ሁሉ ላይ «ስፓኒንግ-ትሪ ፖርትፋስት» ይጻፋል፤ ፖርቱን ኤጅ የሚያደርገው ይህ ትእዛዝ ነው። ወደ ሌላ ስዊች በሚሄድ ፖርት ላይ ግን አይጻፍም። ከፖርትፋስት ጋር ቢፒዲዩ ጋርድ አብሮ ይግባ። ምክንያቱን ከማንኛውም ቢሮ ጠረጴዛ ሥር ማየት ይቻላል፦ መውጫ ሲያንስ የተገዛች ባለ አምስት ፖርት ርካሽ ስዊች ትኖራለች፤ አንድ ቀን ቢሮውን የሚያስተካክል ሰው ተንጠልጥሎ ያየውን ኬብል ግድግዳው ላይ ባለው ሌላ ቀዳዳ ይሰካዋል። አብዛኞቹ ርካሽ ስዊቾች ቢፒዲዩን ሳያዩት ስለሚያሳልፉት ዋናው ስዊች የራሱን መልእክት መልሶ ይሰማል፤ ጋርዱም ፖርቱን ኤረር-ዲሴብልድ አድርጎ ያጠፋዋል። የሚቋረጠው አንድ ጠረጴዛ ነው፤ ፎቁ አይወድቅም። ፖርቱ ገብተው ካላስነሱት እንደጠፋ ይቀራል፤ በራሱ እንዲመለስ ከታዘዘ ግን የተለመደው 300 ሰከንድ ነው። ስሙ የሚመሳሰለውን ቢፒዲዩ ፊልተር ፖርት ላይ መጻፍ ሌላ ነገር ነው፤ መልእክቱን ከናካቴው ስለሚያፍን ሉፕ ቢመጣ የሚያይ የለም። በእኔ አስተያየት ቢሮ ውስጥ ቦታ የለውም።

የሩት ስዊች ምርጫም ለዕድል አይተው። ሁሉም ስዊች ከፋብሪካ ሲወጣ 32768 የሚል ፕራዮሪቲ ይዞ ነው፤ ቁጥሩ እኩል ሲሆን አነስተኛ ማክ አድራሻ ያለው ያሸንፋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ አሮጌው ነው። እንደ ሰርግ ቤት ለዕድሜ ተብሎ የክብር ወንበር ይሰጠዋል፤ የመሥሪያ ቤቱም ትራፊክ መጋዘን ጥግ በተረሳች ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች በኩል ማለፍ ይጀምራል። ኮር ስዊቹን 4096፣ ተጠባባቂውን 8192 ማድረግ በቂ ነው። ቁጥሩ የሚሄደው በ4096 እርምጃ ስለሆነ 5000 ቢሉት አይቀበልም።

ሥራው ሲያልቅ «ሾው ስፓኒንግ-ትሪ» ብሎ የመጨረሻውን ዓምድ ማንበብ ነው። የተጠቃሚ ፖርት «ፒቱፒ ኤጅ» ማለት አለበት፤ «ፒቱፒ» ብቻ ካለ ፖርትፋስት ተረስቷል። ስዊችን ከስዊች በሚያገናኝ ፖርት ላይ የ«ሼርድ» ምህጻረ ቃል ከታየ መስመሩ ሃፍ ዱፕሌክስ ላይ ወድቋል፤ ጥያቄና መልሱ በሃፍ ዱፕሌክስ ስለማይሠራ እዚያም 30 ሰከንድ ነው። «ፒር ኤስቲፒ» የሚል ከመጣ ደግሞ ከወዲያ ያለው ስዊች የድሮውን ቋንቋ ብቻ ይናገራል፤ የእኛውም ፖርት ወርዶለታል። ያ ስዊች ወደ ራፒድ ቢቀየር እንኳ ፖርቱ በድሮው ሊቀጥል ስለሚችል፣ «ክሊር ስፓኒንግ-ትሪ ዲቴክትድ-ፕሮቶኮልስ» ብሎ እንደገና እንዲሞክር ማድረግ ያስፈልጋል።