ውሃው ፋታ ሲወስድ

በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በኒው ብራንስዊክና በኖቫ ስኮሺያ ግዛቶች መካከል፣ ፈንዲ የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ። ውቅያኖሱ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይሞላበታል፤ መልሶም ይሸሻል። በስተውስጥ በርንትኮት ሄድ በተባለው ስፍራ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በምጽዋ ወደብ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ፈንዲን እንዲህ ያገዘፈው የራሱ ቅርጽ ነው። ከርዝመቱና ከጥልቀቱ የተነሣ ውሃው ሄዶ ለመመለስ 13 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም ከጨረቃ ስበት ምት ጋር ስለሚቀራረብ እያንዳንዱ ሙላት በቀደመው ላይ ይደረባል።

ስለ ፈንዲ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ውሃው ጉልበት ነው። የባሕሩን ወለል የሚያበጀው ግን ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ሙላቱ አብቅቶ ሽሽቱ እስኪጀምር ውሃው ለጥቂት ደቂቃዎች ይቆማል፤ የዚያች ፋታ ሥራ የሩጫውን ያህል ከባድ ነው።

የማይናስ መተላለፊያ በተባለው ጠባብ በር ውሃው በሴኮንድ ከ5 ሜትር በላይ ይሮጣል። እዚያ ደለል የሚባል ነገር አይቀመጥም፤ ወለሉ ታጥቦ ታጥቦ አለቱ ወጥቷል። ከበሩ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ፣ ሩጫው ሲላላ፣ መጀመሪያ ጠጠሩ፣ ቀጥሎ አሸዋው፣ በመጨረሻም ከቀይ ገደሎች ተሸርሽሮ የመጣው ደቃቅ ጭቃ ይቀመጣል። በጋን ውስጥ ያልተነካ ድፍርስ ውሃ ከታች አተላውን ይዞ ከላይ እንደሚጠል ማለት ነው። የባሕር ጨው ደግሞ ሥራውን ያፋጥነዋል፤ ደቃቆቹን የሸክላ ብናኞች እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው ከብደው ቶሎ ይወርዳሉ።

ሽሽቱ ሲጀምር ያንኑ ጭቃ ለምን ጠርጎ አይወስደውም? ስዊድናዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ፊሊፕ ዩልስትሮም እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ሥዕላዊ መግለጫ እንዳሳየው፣ አንዴ ተቀምጦ የተጣበቀን ጭቃ ለማንሣት አሸዋን ከማንሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልጋል። ሌላም ምክንያት አለ። ብናኙ ሙላቱ ሲዳከም መስጠም ቢጀምርም ወለሉ እስኪደርስ ድረስ ውሃው ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ መስጠም ከጀመረበት አልፎ ያርፋል። ሽሽቱ ሊያነሣው የሚበቃ ፍጥነት የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ የሚያነሣውም ከበስተውስጥ የሚመጣ ሌላ ውሃ ስለሆነ ርቆ ሳይወስደው እንደገና ይደክማል። በየሙላቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ጭቃው ወደ ባሕሩ ውስጠኛ ጥግ ይጓዛል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ይህንን አካሄድ በገዛ አገራቸው ዋደን ባሕር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አብራርተውታል።

ባሕሩ ሲሸሽ የሚታየው ቀይ ጭቃ በድን ይመስላል። ቀረብ ብሎ ላየው ግን ገጹ ወርቃማ ቡናማ ልባስ አለው። ዲያቶም የሚባሉ በዓይን የማይለዩ አልጌዎች ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ወጥተው ነው። ውሃው ከመመለሱ በፊት ተመልሰው ይገባሉ። የሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር ብናኙን ያያይዘዋል፤ ጭቃው በቀጣዩ ሙላት በቀላሉ እንዳይሸረሸር የሚይዘው አንዱ ይህ ነው።

እነሱን የሚበላው ኮሮፊየም የሚባል፣ ርዝመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሽሪምፕ ዘመድ ነው። ጭቃው ውስጥ እንደ ዩ ፊደል የታጠፈ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ በረጃጅም የፊት አንቴናዎቹም ከደጁ ያለውን ጭቃ ወደ ራሱ እየጎተተ ይመገባል። በአንድ ካሬ ሜትር በአሥር ሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ሽሽት ላይ ወንዶቹ ሴት ፍለጋ ከጉድጓዳቸው ወጥተው በጭቃው ላይ ይድሃሉ። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ለመቶ ሺዎቹ ትናንሽ የባሕር ዳር ወፎች፣ ለሳንድፓይፐሮቹ፣ ምቹ ሰዓት ያ ነው። ከአርክቲክ ሲመጡ 20 ግራም ገደማ የሚመዝኑት እነዚህ ወፎች በሁለትና በሦስት ሳምንት ክብደታቸውን እጥፍ አድርገው፣ ሳያርፉ በአትላንቲክ ላይ ወደ ደቡብ አሜሪካ ይሻገራሉ።

በሙላቱ ማራገፍና በሽሽቱ መጥረግ መካከል ያለውን ሚዛን መንካት ምን እንደሚያስከትል የፔቲኮዲያክ ወንዝ በገሃድ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በሞንክተን ከተማ አጠገብ ወንዙን የሚያቋርጥ፣ በሮች ያሉት የአፈር ግድብ ተሠራ። ሙላቱ ወደ ላይ መዝለቅ ሲያቅተው ከግድቡ በታች ውሃው ያለ ልክ ረጋ፤ እያንዳንዱ ሙላት ደለሉን አምጥቶ አራገፈ፣ ሽሽቱም መልሶ የሚጠርግበት አቅም አጣ። በከተማው በኩል አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት የነበረው ወንዝ በአንዳንድ ቦታ ወደ 80 ሜትር ጠበበ። ዓሦቹም መውጫ መውረጃ አጡ። ከብዙ ክርክር በኋላ በሮቹ ሚያዝያ 2010 እ.ኤ.አ. ተከፈቱ፤ ውሃው የራሱን ዳርቻ እየሸረሸረ ወንዙን መልሶ ማስፋት ያዘ። በ2021 ደግሞ በግድቡ ምትክ ድልድይ ተከፍቶ፣ ሙላቱ ከሥሩ ያለ በር ማለፍ ጀመረ።